የጓሮ አፈርንና አትክልትን ለከባድ ብረቶች ማስመርመር፦ ልኬቱ የታመነ፣ ማብራሪያው የጎደለ አገልግሎት

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ በአዲስ አበባ በየግቢው፣ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ባዶ ቦታ ላይ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት ተተክሎ ማየት የተለመደ ሆኗል። ይህ የሚያስደስት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ቆስጣ የበቀለበት መደብ ትናንት የጋራዥ ግቢ፣ የቆሻሻ መድፊያ ወይም የወንዝ ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ ሊሆን ይችላል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከትንሹ አቃቂ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር የምናለማው ቦታ እንዲህ ያለ ታሪክ ስላለው አፈሩን፣ ውሃውንና ቅጠሉን ለአንድ የግል ላብራቶሪ ሰጥተን አስመርምረናል። ይህ ጽሑፍ የዚያ አገልግሎት ግምገማ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ የምዘረዝራቸው ጉድለቶች በሌላ ቦታ ካስመረመሩ ወዳጆቼ ከሰማሁት ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ነቀፌታው በአንድ ቤት ላይ ብቻ እንዲያርፍ አልፈልግም።

በመጀመሪያ ምርመራው ለምን እንዳስፈለገ በአጭሩ መናገር ይገባል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከሰሜን ተነሥተው ከተማውን አቋርጠው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ተገናኝተውም ወደ አዋሽ ይዘልቃሉ። በመንገዳቸው ከቆዳ ፋብሪካዎች፣ ከጨርቃ ጨርቅና ከቀለም ማምረቻዎች፣ ከጋራዦችና ከብረታ ብረት ሥራ ቤቶች የሚወጣ ፍሳሽ ይቀላቀላቸዋል። በዚሁ ውሃ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ድንችና ካሮት ሲለማ ኖሯል፤ ምርቱም በከተማው ገበያ ይሸጣል። በወንዙ ዳር በሚለሙ ማሳዎች ላይ የተካሄዱ የተለያዩ ጥናቶች በአፈሩም ሆነ በቅጠላ ቅጠሉ ውስጥ እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል። የወንዙን ውሃ በቀጥታ የማይጠቀም ሰውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደለም፤ ክረምት ሲመጣ ወንዙ ሞልቶ ይወጣና ከሥሩ ያጋበሰውን ደለል ዝቅ ባለው መሬት ላይ አስተኝቶ ይሄዳል። የእኛ የታችኛው መደብ እንዲህ ዓይነት ደለል የሚያገኘው ነው። የላይኛው መደብ በቧንቧ ውሃ ብቻ የሚጠጣ ሲሆን፣ አንደኛው ጎኑ ቀደም ሲል ጋራዥ ከነበረ ግቢ ጋር በአጥር ይዋሰናል።

ላብራቶሪው ናሙና በሚቀበልበት ክፍል የገጠመን መስተንግዶ መልካም ነበር። የተቀበለችን ባለሙያ ትሕትና ያላት፣ ሥራዋንም የምታውቅ ናት፤ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ግን «የትኛውን ብረት ነው የምትፈልጉት?» የሚል ሆነ። አብራን የመጣች የሁለት ልጆች እናት የሆነች ጎረቤታችን «እኔ የምፈልገው ልጆቼ ይብሉት ወይስ አይብሉት የሚለውን ነው» ስትል መለሰችላት። የዚህ አገልግሎት ጥንካሬም ድክመትም በእነዚህ ሁለት አነጋገሮች መካከል ይገኛል። ላብራቶሪው የሚሸጠው ቁጥር ነው፤ ደንበኛው የሚገዛ የሚመስለው ግን ውሳኔ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚያጠብ ሰው ወይም ወረቀት በመስኮቱ ላይ የለም።

ዋጋው የሚቆጠረው በእያንዳንዱ ናሙና ላይ በሚለካው የብረት ዓይነት ልክ ነው። ስለዚህ ሁሉም ይለካልኝ ያለ ሰው ሒሳቡ ሳያስበው ይቆለልበታል። ምን መምረጥ እንደሚገባ የሚናገር ዝርዝር ቢኖር ኖሮ ብዙ ገንዘብ ይተርፍ ነበር። በእኔ አስተያየት ለከተማ ጓሮ አትክልት ቅድሚያ የሚገባቸው ካድሚየምና እርሳስ ናቸው። ክሮሚየም ከቆዳ ፋብሪካ በታች ላለ ማሳ ይጨመራል። አርሴኒክ ደግሞ በተለይ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከጉድጓድ በሚወጣ ውሃ ለሚያለማ ሰው ተገቢ ነው። ዚንክና መዳብ ለዕፅዋትም ለሰውም በመጠኑ የሚያስፈልጉ ስለሆኑ፣ ገንዘብ ላጠረው ሰው ሊቀሩ ይችላሉ። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የአሲዳማነቱ መለኪያ፣ ግን በምንም ምክንያት መቅረት የለበትም፤ የሚያሳዝነው እኛ በተጠቀምንበት ቤት ከብረቶቹ ጋር አብሮ አይሰጥም፤ ለብቻው ጠይቀን፣ ለብቻው ከፍለን ነው ያገኘነው።

ካድሚየም ለምን እንደሚቀድም ላስረዳ። ከተለመዱት መርዛማ ብረቶች መካከል ከአፈር ወደ ሥር፣ ከሥርም ወደ ቅጠል በቀላሉ የሚወጣው እርሱ ነው፤ ተክሉም ሳይጠወልግና ቢጫ ሳይሆን፣ ለምልሞ እየታየ ሊይዘው ይችላል። በሰው ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በኩላሊት ይጠራቀማል፤ የገባው ግማሹ እንኳ እስኪወጣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል። በጃፓን በቶያማ ግዛት፣ በጂንዙ ወንዝ ዳር ሩዝ ያለሙ ገበሬዎች ከላይ ካለው ማዕድን ማውጫ በሚወርድ ካድሚየም ለረጅም ዓመታት ተጎድተዋል፤ ከሁሉ የባሰው ጉዳት የደረሰው በዕድሜ በገፉ እናቶች ላይ ሲሆን፣ ኩላሊታቸው ከመድከሙ በላይ አጥንታቸው በትንሽ ነገር ይሰበር ነበር። የጃፓን መንግሥት የበሽታው መንስኤ ካድሚየም መሆኑን በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የእኛ ጓሮ የጂንዙ ማሳ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በየቀኑ የሚበላ ቅጠል ውስጥ ያለ ትንሽ መጠን ለምን ችላ እንደማይባል ይህ ታሪክ በደንብ ያሳያል።

የናሙና አወሳሰድ መመሪያቸው ጥሩ ነው፤ በዚህ ረገድ ሳላመሰግን አላልፍም። በአንድ ገጽ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ሲሆን፣ ከመደቡ ከተለያዩ ቦታዎች እየተዘዋወሩ ከላይ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር መውሰድን፣ ያንን በንጹሕ ፕላስቲክ ላይ መቀላቀልን፣ ከቅልቅሉ ግማሽ ኪሎ ያህል ለይቶ በጥላ ማድረቅን፣ በፌስታሉ ላይም የመደቡን መለያ መጻፍን ያዝዛል። ከመመሪያው ይልቅ ጠቃሚ የሆነው ግን ባለሙያዋ በቃል የነገረችን ነው፦ አፈሩን በቆርቆሮ ባልዲ እንዳንሰበስብ፣ ከቆርቆሮው ላይ የሚፋቀው ዚንክ ውጤቱን እንደሚያበላሽ፣ ዝገት ያለበት ዶማም እንደማይመከር አስረዳችን። የውሃውን ናሙና የምንሞላባቸው የፕላስቲክ ጠርሙሶች ናይትሪክ አሲድ ጠብ ተደርጎባቸው ተሰጡን፤ ይህም ብረቱ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር የሚደረግ ነው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሥራውን የሚያውቅ ቤት መሆኑን ያሳያል። በቃል የተነገረን ሁሉ በወረቀቱ ላይ ቢሰፍር ግን ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ባለሙያዋ ባትኖርም አይቸገርም ነበር።

ልኬቱን ለመፈተን ሁለት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ ከታችኛው መደብ የወሰድነውን አንድ ዓይነት አፈር ለሁለት ከፍለን በተለያየ መለያ ሰጠን፤ ላብራቶሪው አንድ መሆናቸውን አያውቅም። ሁለተኛ፣ ከአንድ መደብ በአንድ ጠዋት የተቆረጠን ቆስጣ ለሁለት ከፍለን አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን ለወጥ እንደምናጥበው በሚገባ አጥበን አስገባን። የአፈሩ ውጤት በሁለቱም መለያ እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ወጣ፤ ይህ ለእኔ ከማንኛውም ማስታወቂያ የሚበልጥ ምስክር ነው። የቆስጣው ውጤት ደግሞ ከሁሉም በላይ የጠቀመን ሆነ። በታጠበው ቅጠል ላይ እርሳሱ በግልጽ ቀነሰ፤ ካድሚየሙ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል። ነገሩ ከሚታወቀው ሳይንስ ጋር የሚስማማ ነው። እርሳስ በሥር በኩል የሚወጣው በጥቂቱ ሲሆን፣ አብዛኛው በአቧራና በተፈናጠረ አፈር መልክ ቅጠሉ ላይ የሚያርፍ ነው፤ ስለዚህ በብዙ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና ካሮትን መላጥ እውነተኛ ጥቅም አለው። ካድሚየም ግን በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ነው ያለው። ሆምጣጤም ሆነ ሎሚ አያወጣውም፤ እሳትም አያጠፋውም፣ ብረት ተቀቅሎ የሚጠፋ ነገር አይደለምና። ሆምጣጤው ለጀርም ቢጠቅምም፣ «በሆምጣጤ አጥቤዋለሁና ችግር የለውም» የሚለው የብዙ ቤት እምነት በዚህ ጉዳይ ላይ አይሠራም።

አሁን ወደ ውጤቱ ወረቀት ልምጣ፤ ቅሬታዬ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወረቀቱ በማኅተምና በፊርማ የተረጋገጠ፣ ንጹሕ ሠንጠረዥ ያለው ነው። በአንድ ዓምድ የናሙናው መለያ፣ በሌላው የብረቱ ስም፣ በመጨረሻው ቁጥሩ «ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም» ተብሎ ተቀምጧል። የማን ኪሎ ግራም እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለቅጠላ ቅጠል ግን ትርጉሙን ከሥሩ የሚለውጥ ነው። ቆስጣ ከዘጠና በመቶ በላይ ውሃ ነው። ላብራቶሪው ቅጠሉን አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ በአሲድ አሟሙቶ ስለሚለካ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በደረቅ ክብደት ነው። የምግብ ገደቦች የሚነገሩት ግን በእርጥቡ፣ ማለትም እንደተቆረጠ ባለው ክብደት ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለቅጠላ ቅጠል አትክልት ያስቀመጠው ከፍተኛ መጠን ለካድሚየም 0.2፣ ለእርሳስ 0.3 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም ነው። ለምሳሌ ያህል የቆስጣ ካድሚየም 1.5 ተብሎ ቢወጣ፣ ቁጥሩን ከ0.2 ጋር በቀጥታ ያስተያየ ሰው ከገደቡ ሰባት እጥፍ በላይ ነው ብሎ ይደነግጣል፤ ቁጥሩ የደረቅ ክብደት ከሆነና ቅጠሉ 92 በመቶ ውሃ ከሆነ ግን በእርጥቡ ሲሰላ 0.12 ይሆናል፤ ይህም ከገደቡ በታች ነው። በተቃራኒው የእርጥብ ክብደት ቁጥርን ደረቅ መስሎት ለአሥር ያካፈለ ሰው መርዛማ ቅጠልን ጤነኛ ነው ብሎ ለልጁ ያበላል። አንድ ቃል ባለመጻፉ ምክንያት ወረቀቱ ወደ ሁለቱም ስሕተት ይመራል። ስልክ ደውለን የጠየቅነው የኬሚስትሪ ባለሙያ ደረቅ ክብደት መሆኑን ነገረን፣ የናሙናውን የውሃ መጠንም ከመዝገቡ አውጥቶ ሰጠን። ለትዕግሥቱ እናመሰግነዋለን፤ ይህ መረጃ ግን ከመዝገብ ወደ ወረቀቱ ለመሻገር የደንበኛ ስልክ መጠበቅ አልነበረበትም።

በጥቂት ቦታዎች ላይ ከቁጥር ይልቅ «አልተገኘም» የሚል ተጽፏል። ጎረቤቶቼ ይህን «የለም» ብለው አንብበውት ደስ አላቸው። «አልተገኘም» ማለት ግን መሣሪያው ሊለየው ከሚችለው ዝቅተኛ መጠን በታች ነው ማለት ብቻ ነው፤ ያ ዝቅተኛ መጠን ስንት እንደሆነ ካልተጻፈ ደግሞ ምንም አያረጋግጥም። በእሳት ነበልባል የሚሠራው የአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ ለካድሚየምና ለእርሳስ ያለው የመለየት አቅም፣ በግራፋይት ምድጃ ከሚሠራው ወይም አይሲፒ ኤም ኤስ ከሚባለው በብዙ ያነሰ ነው። መሣሪያው ከኮዴክስ ገደብ በላይ ያለውን ብቻ የሚለይ ከሆነ፣ «አልተገኘም» የሚለው ቃል ባዶ ማጽናኛ ነው የሚሆነው። የለካው መሣሪያ የትኛው እንደሆነና ዝቅተኛ ልኬቱ ስንት እንደሆነ በአንድ መስመር ሊጻፍ ይገባል።

ለአፈሩ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ወረቀቱ የሚሰጠው ጠቅላላውን መጠን ነው፤ በጠንካራ አሲድ ተሟሙቶ የወጣውን ሁሉ። ተክሉ ሊወስደው የሚችለው ግን የዚያ ክፍል ብቻ ነው፤ ያንንም የሚወስኑት የአፈሩ ፒኤች፣ የሸክላ መጠኑና በውስጡ ያለው ብስባሽ ናቸው። ጥቁሩ መረሬ አፈር ሸክላነቱ ከፍተኛ ስለሆነ ብረትን አጥብቆ ይይዛል፤ አሲዳማ በሆነ ቀይ አፈር ላይ ግን ያው የካድሚየም መጠን ወደ ቅጠሉ ይበልጥ ይወጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1986 የፍሳሽ ዝቃጭ ለሚጨመርበት የእርሻ አፈር ባወጣው መመሪያ ለካድሚየም ከ1 እስከ 3፣ ለእርሳስ ከ50 እስከ 300 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም የሚል ሰፊ ወሰን ያስቀመጠው፣ ገደቡንም ከፒኤች ጋር ያያያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ፒኤች የሌለው የአፈር ብረት ውጤት ግማሽ ውጤት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከክሮሚየም ጋር በተያያዘ ሊደርስ የነበረው ድንጋጤ ደግሞ ለብዙ ሰው ትምህርት ይሆናል። በታችኛው መደብ የተለካው ክሮሚየም ከፍ ብሎ በመውጣቱ፣ ሁላችንም ጣታችንን ወደ ቆዳ ፋብሪካዎች ቀሰርን። ሆኖም ጎርፍ በማይደርስበት፣ ወንዝ በማያውቀው የላይኛው መደብም መጠኑ ከዚያ ብዙ አይርቅም ነበር። የአዲስ አበባ አካባቢ አፈር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ነው፤ ባዛልት ደግሞ በተፈጥሮው ክሮሚየምና ኒኬል ይይዛል። ስለዚህ በቁጥሩ ብቻ ብክለት ነው ማለት አይቻልም፤ በአቅራቢያው ካለ፣ ከፍሳሽና ከጎርፍ ነጻ ከሆነ ቦታ የተወሰደ የማነጻጸሪያ ናሙና የግድ ያስፈልጋል። በተጨማሪም በቆዳ ማልፊያ የሚገባው ክሮሚየም በአብዛኛው ሦስተኛው ዓይነት የሚባለው ሲሆን፣ ይህ ዓይነት ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተፈረጀው ስድስተኛው ዓይነት ነው፤ የሁለቱ ልዩነት በጠቅላላ ልኬት አይታይም። የማነጻጸሪያ ናሙና አምጡ የሚል ምክር በናሙና መመሪያው ላይ የለም። እኛ ሁለት መደብ ስለነበረን ብቻ ነው ንጽጽሩን ያገኘነው፤ አንድ መደብ ብቻ ያለው ሰው ያለ በቂ ምክንያት ጓሮውን ትቶ ሊወጣ ይችል ነበር።

በላይኛው መደብ የተገኘው እርሳስ ግን የድንጋይ አልነበረም። ከአጥሩ ሥር ከፍ ያለ፣ ከአጥሩ በራቅን ቁጥር ደግሞ የሚወርድ መሆኑ ከቀድሞው ጋራዥ ጋር አያይዞታል። አሮጌ ባትሪ፣ የተፋቀ የመኪና ቀለም፣ እንዲሁም እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን በዘመኑ የተዉት ቅሪት በአፈር ውስጥ አይበሰብስም። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች እንዲህ ያለው ቤንዚን መሸጡ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2006 መባቻ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት በመንገድና በጋራዥ ዳር ያረፈው እርሳስ ግን ዛሬም እዚያው ነው። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ለመኖሪያ ግቢ አፈር ሲሠራበት የቆየውን፣ አፈሩ ይበልጥ መመርመር እንዳለበት የሚያመለክተውን የ400 መለያ መጠን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ወደ 200 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም ዝቅ ማድረጉ፣ ነገሩ ከቀድሞው ይበልጥ በጥብቅ መታየት መጀመሩን ያመለክታል። ለሕፃናት አስጊ የሆነው ደግሞ የሚበላው ቅጠል ብቻ አይደለም፤ በአፈሩ ላይ ተጫውተው እጃቸውን ወደ አፋቸው መውሰዳቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አለመታወቁን ደጋግሞ ይናገራል። የመደቦቹን ቁጥሮች እዚህ ያልዘረዘርሁት የአንዱ ጓሮ ቁጥር ለሌላው ጓሮ መመሪያ ስለማይሆን ነው።

ውጤቱ የመጣው ከተቀጠረው ቀን ዘግይቶ ሲሆን፣ የተሰጠን ምክንያት ለመሣሪያው የሚያስፈልገው ጋዝ አለመገኘቱ ነው። የአቅርቦት ችግር በአገራችን የተለመደ ስለሆነ በዚህ ብዙ አልወቅሳቸውም፤ ቀኑ ሳይደርስ ደውለው ቢያሳውቁን ግን መልካም ነበር።

አገልግሎቱን ለመጠቀም ለሚያስብ ሰው አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። ላብራቶሪው አይ ኤስ ኦ 17025 በሚባለው ዓለም አቀፍ የላብራቶሪ ብቃት ደረጃ ዕውቅና አለው ሲባል በዚያ አይቁም፤ ይህ ዕውቅና የሚሰጠው ለሕንጻው ሳይሆን ተለይተው ለተዘረዘሩ የምርመራ ዓይነቶች ነው። በአፈር ላይ እርሳስን ለመለካት ዕውቅና ያለው ቤት በቅጠል ላይ ካድሚየምን ለመለካት ላይኖረው ይችላል። ዝርዝሩን መጠየቅ የደንበኛ መብት ነው፤ እኛ ስንጠይቅ ያለ ማንገራገር አሳይተውናል፤ ይህም ሊመሰገን የሚገባው ግልጽነት ነው።

ጎረቤታችን በመስኮቱ ላይ ላነሣችው ጥያቄ መልሱን ያገኘነው ከወረቀቱ ሳይሆን ከስልኩ ንግግርና ከራሳችን ስሌት ነው። በታችኛው መደብ ሰላጣና ቆስጣ መትከል አቆምን፤ በምትካቸው ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዱባና በቆሎ ገቡ፤ ፍሬ ከቅጠል ይልቅ ካድሚየምንም እርሳስንም በእጅጉ በአነሰ መጠን ስለሚይዝ ነው። ቅጠላ ቅጠሉ ከአጥሩ ርቆ ወደ ላይኛው መደብ፣ ከፍ ብሎ በተሠራና ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር በተሞላ መደብ ላይ ተዛወረ። ከአጥሩ ሥር ያለው አፈር በሣር ተሸፈነ፤ ልጆችም እዚያ እንዳይጫወቱ ተደረገ። በአፈሩ ላይ ብስባሽ ጨመርን፤ የብስባሹ ምንጭ ግን የግቢያችን ቅጠልና የኩሽና ትርፍራፊ ብቻ እንዲሆን ወስነናል፤ ተለይቶ ካልተለቀመ የከተማ ቆሻሻ የሚሠራ ኮምፖስት ከባትሪ ድንጋይና ከቀለም ቆርቆሮ ብረት ይዞ ሊመጣ ይችላልና። ኖራ አልጨመርንም፤ የፒኤች ውጤቱ አፈራችን አሲዳማ አለመሆኑን ስላሳየ ወጪው ትርጉም አልነበረውም። ለብቻው የከፈልንበት ያ አንድ ቁጥር ዋጋውን በዚህ ብቻ መልሷል።

ጠቅላላ ፍርዴ እንዲህ ነው፦ በልኬት ትክክለኛነትና በባለሙያዎቹ ሥነ ምግባር አገልግሎቱ ከፍተኛ ነጥብ ይገባዋል፤ በውጤት አቀራረብ ዝቅተኛ። ከወንዝ ዳር፣ ከጋራዥ አጠገብ፣ ከቀድሞ ቆሻሻ መድፊያ ላይ ወይም ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ሙሌት አፈር ላይ ቅጠላ ቅጠል ለሚያለማ ሰው፣ በተለይም ለትምህርት ቤቶችና ለሕፃናት ማቆያዎች፣ ዋጋውን ከፍሎ ማስመርመሩ ተገቢ ነው እላለሁ። ከእነዚህ ነገሮች ሁሉ በራቀ፣ ታሪኩ በሚታወቅ ግቢ ለሚያለማ ግን አስቸኳይ አይደለም። ክረምቱ አልፎ ወንዙ አዲስ ደለል ካስተኛ በኋላ የታችኛውን መደብ እንደገና እናስመረምራለን፤ የምንሄደውም ወደዚያው ላብራቶሪ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ናሙናውን ከማስረከባችን በፊት ክብደቱ ደረቅ ይሁን እርጥብ፣ የመሣሪያው ዝቅተኛ ልኬት፣ የአፈሩ ፒኤችና የማሟሟቱ ዘዴ በውጤቱ ላይ እንዲሰፍሩ በማመልከቻው ላይ አጽፈን እናስፈርማለን።